ወንጪ፣ ደንዲ ወይስ ዝቋላ? ሁለት ሆኖ ለአንድ ቀን የተራራ ሐይቅ ጉዞ የሚመርጥ ሰው ማወቅ ያለበት

ከአዲስ አበባ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ማታ ቤት መግባት የሚቻልባቸው፣ ተራራ ላይ የተቀመጡ ሦስት ሐይቆች አሉ፦ ወንጪ፣ ደንዲና ዝቋላ። ሦስቱም እሳተ ገሞራ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው፤ ፎቶ ላይም ሦስቱም ያምራሉ። በእግር ሲሄዱባቸው ግን ለየቅል ናቸው። የቢሾፍቱዎቹ ሆራና ባቦጋያ እዚህ ያልገቡት ከተማ ውስጥ ስለሆኑ ነው። የባሌው ገርባ ጉራቻ ከሦስቱም ከፍ ይላል፣ ግን ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሞከርም።

ለሁለት ሰው ከውበት በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ከሁለታችሁ የአንዳችሁ ቁርጭምጭሚት ቢዞር ወይም ጉልበቱ ቢከዳው በምን ትመለሳላችሁ? በቡድን ሲኬድ አንዱ ይደግፋል፣ አንዱ ሻንጣ ይይዛል፣ ሌላው ሰው ሊጠራ ይሮጣል። ሁለት ስትሆኑ ይህን ሁሉ የሚሠራው ያልተጎዳው ብቻ ነው። ስለዚህ ምርጫው በጠንካራው አቅም አይለካ፤ ቶሎ በሚደክመው ይለካ። ወንጪ ለደከመ ሰው ፈረስ አለው። ዝቋላ ላይ መኪና እስከ አናቱ ይወጣል። ደንዲ ላይ ግን በቀላሉ የምታገኙት የራሳችሁን እግር ነው። ይህ ልዩነት ከርቀቱም ከከፍታውም ይበልጣል።

ቁልቁለቱ ሲቀድምና ዳገቱ ሲቀድም

ወንጪና ደንዲ ላይ መኪናው የሚያደርሳችሁ ጉድጓዱ ከንፈር ላይ ነው። ጠዋት ስትወርዱ ቀላል ነው፣ ሳቅና ጨዋታ ነው። ዳገቱ የሚጠብቃችሁ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ከከረረ፣ ውሃው ከጎደለ፣ ጭን መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ብዙ ጥንዶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ «የወረድነው በአንድ ሰዓት ነው፣ በአንድ ሰዓት እንወጣለን» ብለው ሐይቁ ዳር ይቆያሉ። በ3,000 ሜትር አካባቢ ያን ቁልቁለት ተመልሶ መውጣት የወረዱበትን ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ላልለመደ ደግሞ ሁለት እጥፍ ይወስዳል። ስትወርዱ ሰዓት ያዙ፤ ያንን በሁለት አባዙና መመለሻችሁን በዚያው ወስኑ።

ዝቋላ ተቃራኒው ነው። ዳገቱን ጠዋት በትኩስ ጉልበት ትጨርሳላችሁ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ትንሽ ትወርዳላችሁ፣ ያችን ትንሽ መልሳችሁ ትወጣላችሁ፣ በመጨረሻ ረጅሙን ቁልቁለት ትወርዳላችሁ። ሳንባ የሚፈተነው ጠዋት ነው፣ ጉልበት የሚፈተነው ከሰዓት። የቆየ የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው «መውረድ ምን አለው» ብሎ እንዳይሸወድ፤ ጉልበትን የሚጎዳው በአብዛኛው ቁልቁለት ነው።

የአየሩን ነገር አትናቁት። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት። የወንጪ ሐይቅ 2,900 ሜትር ገደማ፣ ከላዩ ያለው ከፍተኛው ጠርዝ 3,380 ሜትር ገደማ ነው። ደንዲም ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ሐይቁ 2,800ዎቹ ውስጥ ነው። የዝቋላ አናት 2,989 ሜትር ነው። በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን በትንፋሽ ማጠር ብቻ ያውቀዋል። ትናንት ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን የገባ ሰው ግን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ ማጣት ሊገጥመው ይችላል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከውጭ የመጣችሁ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አዲስ አበባ ቆይታችሁ ውጡ። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣና ዕረፍት ካላሻለው መፍትሔው ዝቅ ወዳለ ቦታ መሄድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ወንጪ ላይ ወደ ሐይቁ መውረድ እንደ መውረድ አይቆጠርም። ሐይቁ ራሱ ከፍ ያለ ነው፣ መውጫውም ሽቅብ ነው። የሚጠቅመው ጠርዙ ላይ ወጥቶ በመኪና ወደ አምቦ ወይም ወደ ወሊሶ መውረድ ነው፤ ሁለቱም ከተሞች 2,100 ሜትር አካባቢ ናቸው። ዝቋላ ላይ ፊታችሁን ካዞራችሁ ወርዳችኋል ማለት ነው።

ወንጪ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጡ ጥንዶች ምርጫው ይኸው ነው፣ ብዙ ማመንታትም አያስፈልግም። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም መንገዱና ማረፊያው ተሠርቷል። መግቢያው ሁለት ነው፦ በአምቦ በኩል (አዲስ አበባ–አምቦ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ 30 ገደማ) ወይም በወሊሶ በኩል (አዲስ አበባ–ወሊሶ 115 ገደማ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወደ 40)። መንገዱ ሁለቱን ከተሞች ስለሚያገናኝ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ይቻላል። ሁለቱም ከተሞች ፍል ውሃ አላቸው፤ ከዳገቱ በኋላ የዛለ እግር ይህን አይረሳም።

የእግሩን መንገድ በሦስት ልክ መቁረጥ ይቻላል። አጭሩ ከጠርዙ ወደ ሐይቁ ወርዶ መመለስ ነው፤ ከዕረፍቱ ጋር ሦስት ሰዓት ተኩል ያዙለት። መካከለኛው በጀልባ ወደ ደሴቱ፣ ወደ ቂርቆስ ገዳም መሻገርን ይጨምራል፤ ሌላ ሰዓት ተኩል ነው፣ ጀልባ መጠበቁ ስላለ። ረጅሙ ሐይቁን ተሻግሮ ፍል ውሃዎቹ ወዳሉበት ሸለቆ ይዘልቃል፣ ቀኑንም ይጨርሰዋል። ረጅሙን የምትመርጡት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠርዙ ላይ ከደረሳችሁ ብቻ ነው። አራት ሰዓት ተኩል ካለፈ መካከለኛውም ይበዛል።

መንገዱ ግን ባዶ አይደለም። ጉድጓዱ ውስጥ ሰው ይኖራል፤ እንሰት፣ ድንችና ገብስ ይታረሳል፣ ከብት ይሰማራል። ሁለት ሆኖ በዝምታ ለመሄድ ያሰበ ሰው ፈረስ አቅራቢና አስጎብኚ ነኝ የሚል ወጣት ይከበዋል። ቁጣ አይጠቅምም። መግቢያው ላይ ክፍያችሁን ፈጽማችሁ፣ ደረሰኝ ተቀብላችሁ፣ አንድ አስጎብኚ ያዙ፤ ሌላው ራሱ ይበተናል።

ፈረስን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፦ ስትወርዱ በእግር፣ ስትወጡ በፈረስ። ቁልቁል በፈረስ መውረድ፣ በተለይ መሬቱ እርጥብ ከሆነ፣ ከድካሙ ይልቅ አደጋው ይበልጣል። ፈረሱ ሲንሸራተት ያልለመደ ሰው ልጓሙን ይስባል፣ ፈረሱ ጭንቅላቱን ያነሳል፣ የሚረግጥበትን ማየት ያቆማል። ከመውጣታችሁ በፊት ኮርቻው በእጅ ሲገፋ ወደ ጎን እንደማይዞር እዩ፤ ከዞረ የሆድ ማሰሪያው ይጥበቅ። እርካቡ ውስጥ የእግር ፊት ብቻ ይግባ፤ ጫማ ሙሉ በሙሉ ከተወሸቀ ስትወድቁ አይለቅም። ዳገት ላይ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ። ዋጋውን ስትስማሙ አራት ነገር በግልጽ ይነገር፦ ዋጋው ለአንድ ፈረስ ነው ወይስ ለሁለቱ፣ መሄጃ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ፣ ሐይቁ ዳር የሚጠበቅበት ጊዜ ተካቷል ወይ፣ የፈረሱ መሪ የብቻው ይከፈለዋል ወይ። ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ ከሦስተኛው ነው። ብሩን በዝርዝር ያዙ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም፣ መቶ ብር ለመመንዘርም ሰው ፍለጋ ይዞራል።

ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፣ ካልተገኘ ተዉት። ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ዋና የሚያውቅ ሰው እንኳ ድንገት እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ከወደቀ መጀመሪያ የሚያጥረው ትንፋሽ ነው። ገዳሙን የምትጎበኙ ከሆነ ነጠላ ያዙ፤ ሴቶች የማይገቡበት ክፍል መኖር አለመኖሩንም ከመሻገራችሁ በፊት ጠይቁ። አንዱ ገብቶ ሌላዋ ውጪ ስትጠብቅ የጉዞው ጣዕም ይበላሻል።

ደንዲ

ደንዲ ለብቻ መሆንን ለሚፈልጉ ነው። ሁለት ክብ ሐይቆች በጠባብ ወገብ የተገናኙበት፣ ከላይ ሲታይ የፈረንጅ ስምንት ቁጥርን የሚመስል ነው። በዙሪያው የግጦሽ ሣርና እርሻ ስለሚበዛ ከወንጪ ይልቅ ገላጣ ነው፤ ጥላ ፈልጋችሁ አታገኙም። ነፋሱም በዚያው ልክ ነው።

መነሻው ግንጪ ነው፤ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በአምቦ መንገድ። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል፣ ጣጣው ያለውም እዚሁ ላይ ነው። የግንጪ አካባቢ ጥቁር አፈር የታወቀ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጥና ጎማ ላይ ይለጠፋል። አንድ ሌሊት የዘነበ ዝናብ በቂ ነው። ትንሽ የቤት መኪና ሆዱ እስኪነካ ይሰምጣል፣ ሁለት ሰው ደግሞ መኪና ገፍቶ አያወጣም። ስለዚህ ደንዲ የከፍተኛ መኪና (ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና) ጉዞ ነው፣ እሱም ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት። ከግንጪ ሳትወጡ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ጉዳዩ መንገድ ማሳየት ብቻ አይደለም፤ በእርሻና በግጦሽ መሬት መካከል ስታልፉ ከባለቤቱ ጋር በኦሮምኛ የሚነጋገርላችሁ፣ ውሻውንም የሚመልስላችሁ እሱ ነው።

ምግብ፣ ውሃ፣ ጃንጥላ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ ሁሉም ከቤት። ያለ ሰው እርዳታ አራትና አምስት ሰዓት መራመድ ያልሞከረ ጥንድ እዚህ አይጀምር። ወንጪን አይቶ «ሰው በዛ» ያለ ግን ቀጣዩን እዚህ ያድርግ።

ዝቋላ

ዝቋላ ከሁሉ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው፤ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በጥርጊያ መንገድ ወደ ተራራው ግርጌ፣ ወደ ወንበር ማርያም። ከግርጌው በእግር ወደ ጠርዙ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት፣ መውረዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና የሚወጣው መንገድ ሻካራ ነው፣ ከፍተኛ መኪና ይፈልጋል። ግን መኖሩ ብቻ ለጥንዶች ያልተጠበቀ ዕድል ይሰጣል፦ መራመድ የሚወደው በእግር ይወጣል፣ ጉልበቱን የሚያመው ከሾፌሩ ጋር ይወጣል፣ አናቱ ላይ ይገናኛሉ። ሌላው ቦታ ላይ ይህን ያህል በቀላሉ አይገኝም። ብቻውን የሚራመደው ሰው ግን አስጎብኚ ወይም የአካባቢ ሰው አብሮት ይሁን።

ከሜዳው ስትነሱ ሙቀቱ አለ፣ አናቱ ጋ ብርዱ። ስለዚህ ላብ ያረጠበውን ካናቴራ አናቱ ላይ የምትቀይሩበት ደረቅ ልብስ ያዙ፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ ነፋስ ላይ መቀመጥ ጉንፋን ሳይሆን መንቀጥቀጥ ነው የሚያመጣው። ዳገቱ ላይ ጥድና ጉሬዛ፣ ጠራ ባለ ቀን ደግሞ ከጠርዙ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቆቃ ሐይቅ ይታያል።

ዝቋላ ከሁሉ በፊት ገዳም ነው፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ። ሐይቁ በምእመናኑ ዘንድ ቅዱስ ነው፤ በኦሮሞ ባህልም ተራራው የተከበረ ነው። አይዋኝም፣ እግር አይታጠብበትም፣ ዳሩ ላይ ሥጋና መጠጥ አይዘረጋም። እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድ፣ አቅፎ ፎቶ መነሳት ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ጠበል ላይ ያለን ሰው ደግሞ ካሜራ አይጠጋውም። ሴት ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ ወንድ ረጅም ሱሪ። የፍቅር ሽርሽር በሚል ሐሳብ የሚነሱ ጥንዶች እዚህ ይከፋቸዋል፤ ለመሳለምም ለመራመድም ለሚመጡ ግን ከሦስቱ ይህን የሚተካከል የለም። መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ዓመታዊ ንግሥ ስለሆነ መንገዱ በሰውና በመኪና ይሞላል። በየወሩ 5 ቀንም ከሌላው ቀን ሰው ይበዛል። ለእግር ጉዞ ከእነዚህ ውጪ ያለ የሥራ ቀን ምረጡ።

ወቅት፣ ሰዓት፣ ጸጥታ

ከሦስቱም ለማናቸውም ምርጡ ከመስከረም መጨረሻ (ለደንዲ ከጥቅምት አጋማሽ) እስከ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ አረንጓዴው አልደረቀም፣ ሰማዩ ጠርቷል። ታኅሣሥና ጥር ደረቅ ናቸው፣ ጠዋቱ ግን ይበርዳል። መጋቢትና ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ሊደርስ ይችላል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ወንጪን በአስፋልቱ ሄዶ ከጠርዙ ማየት ይቻል ይሆናል፤ ቁልቁለቱ ግን ጭቃ ነው፣ ጉድጓዱም ጉም ይሞላዋል።

ከቤት መውጫ፦ ለወንጪ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል፣ ለደንዲ 11፣ ለዝቋላ 12 ሰዓት። ወንጪና ደንዲ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጠርዙ ላይ ቁሙ፣ ዝቋላ ላይ ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ መውረድ ጀምሩ። ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ይጨልማል፤ በገጠር መንገድ ላይ በጨለማ የሚነዳ ሰው ከብት፣ ጋሪና መብራት የሌለው መኪና ይገጥመዋል።

ሦስቱም ያሉት ባለፉት ዓመታት ጸጥታቸው አንዴ ሲረጋጋ አንዴ ሲደፈርስ በቆዩ አካባቢዎች ነው። ይህን መመሪያ ከስድስት ወር በፊት ያነበበ ሰው አንብቤያለሁ ብሎ አይነሳ። ከሁለት ቀን በፊት በቦታው ለሚኖር ሰው፣ ለሾፌር ወይም ለማረፊያ ቤት ደውሉ፤ በጉዞው ዋዜማ ማታ ድገሙት። ሁለቱ መልሶች ከተለያዩ ጉዞው ለሌላ ቅዳሜ ይዛወር።

ሻንጣው ውስጥ

ውሃ ለአንድ ሰው ወንጪ ላይ 2 ሊትር፣ ደንዲና ዝቋላ ላይ 3 ሊትር። ሁሉንም አንዱ አይሸከም፤ ከተለያያችሁ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። ለተቅማጥ ወይም ላብ በብዛት ለወጣው፦ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ተስተካክሎ የተሞላ እንጂ ቁልል አይሁን፤ ጨው ከበዛ ጥማቱን ያብሳል።

ለምግብ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ሙዝ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነና ከሁለታችሁ አንዳችሁ የምትጾሙ ከሆነ ፍርፍሩም ጭኮውም በዘይት ይሠራ። እስከ ስድስትና ሰባት ሰዓት የሚቆይ ጿሚ ባዶ ሆዱን የዝቋላን ዳገት ባይሞክር ይሻለዋል። ወንጪ ላይ ቢያንስ የሚከብደው ዳገት ከምሳ በኋላ ነው። ቡና ማፍላት ያሰበ ይህን ይወቅ፦ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ጀበናው ቶሎ ይንተከተካል፣ ቡናው ግን ቀጠን ይላል፤ ትንሽ አብዝታችሁ ጨምሩ። ድንች ቀቅለን እንበላለን የሚል ካለ እዚያ ይመሻል።

ጫማው ጥርስ ያለው ይሁን። ለስላሳ የከተማ ስኒከር ደረቅ አቧራ ላይም እርጥብ ጭቃ ላይም እኩል ያንሸራትታል። ከሁለት ቀን በፊት የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ጫማው ጫፍ ጋ እየተጋጨ ጥፍር ይጠቁራል። ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን ከቁርጭምጭሚት ጋ አጥብቁ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ ዱላ፤ ለዝቋላ መውረጃ ግዴታ ነው። ኮፍያና የፀሐይ ክሬም ብርድ ባለበትም ያስፈልጋሉ፤ ከፍታው ሲጨምር ፀሐዩ ይበረታል፣ ነፋሱ ደግሞ መቃጠላችሁን ያስረሳችኋል። ነፋስ የሚመክት ቀላል ጃኬት፣ አንድ ጋቢ ለሁለት፣ ላስቲክ ፋሻ፣ የራስ ባትሪ። ስልካችሁን ከኔትወርክ ውጪ ስትሆኑ አውሮፕላን ላይ እንደሚደረገው አድርጉት፤ ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪ ይጨርሳል።

እንግዲህ ማን የትኛውን?

ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብዙ የማትራመዱ ከሆነ፣ ወይም ከውጭ ሀገር ከመጣችሁ ሁለት ሦስት ቀን አልፎ ገና ሳምንት ካልሞላችሁ፣ ወንጪ፣ አጭሩ መንገድ፣ መውጫው በፈረስ። አንዱ ጠንካራ አንዱ ጉልበቱን የሚያመው ከሆነ ዝቋላ በእግርና በመኪና፣ ወርዶ መመለሱም በመኪና። ሁለታችሁም የለመዳችሁ ከሆናችሁ፣ ከፍተኛ መኪና ካላችሁ፣ ሰሞኑን ካልዘነበ፣ ደንዲ። እርጉዝ የሆነች፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሦስቱም በፊት ሐኪሙን ያማክር።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመነሳታችሁ በፊት ቤት ለሚቀር አንድ ሰው ሦስት ነገር በጽሑፍ ላኩ፦ የትኛው መንገድ እንደምትሄዱ፣ የአስጎብኚውን ወይም የሾፌሩን ስልክ፣ እና ከስንት ሰዓት በኋላ ካልደወላችሁ መፈለግ እንዲጀምር። ለወንጪ ይህ ሰዓት ማታ ሁለት ሰዓት ይሁን፤ አምቦ ወይም ወሊሶ ስትደርሱ ኔትወርክ ስለሚመለስ መጀመሪያ ለእሱ ደውሉ፣ ክትፎው ከዚያ ይታዘዛል።